ከኋላችሁ ሰው አለ

(ድምፅ፦ ሞላ ያለው በር ሲመለስ ይሰማል፤ በኃይል ይዘጋል።)

ይህን ድምፅ የማያውቅ ከተሜ የለም። በር ነው። እኔ ግን ባለፈው ሳምንት ከድምፁ አልፌ ከራሱ ከበሩ ጋር ተዋወቅሁ፤ ያውም በግንባሬ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወደ አንድ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ልገባ በአንድ እጄ የወረቀት ክምር፣ በሌላው ዣንጥላ ይዣለሁ። ከፊቴ ኮትና ክራቫት ያደረገ ጎልማሳ የመስታወቱን በር ገፋ አድርጎ ገባና ለቀቀው። በሩ ተመለሰ። ወረቀቱ ተበተነ፣ ዣንጥላው ወደቀ፣ ግንባሬ ጮኸ። ሰውዬው ዞር ሲል ክው አለ። «ውይ! ይቅርታ እህቴ፣ አላየሁሽም» እያለ ቁጢጥ ብሎ ወረቀቴን አብሮኝ ለቀመ። ከልቡ እንደሆነ ያስታውቃል።

ተያይዘን ወደ አሳንሰሩ ሄድን። እዚያ ሰውዬው የሚያውቃቸው አንድ አዛውንት ቆመዋል። አሳንሰሩ ተከፈተ። «ጋሼ፣ ይግቡ።» «ግባ ልጄ፣ አንተ ቅደም።» «ኧረ በሞቴ!» «አይሆንም ስልህ!» «ኧረ እንዴት ተደርጎ!» ሲባባሉ አሳንሰሩ ተዘግቶ ሄደ። ሦስታችንም ቀረን።

ሌላውን መጠበቅ ታክቶኝ በደረጃ እየወጣሁ አሰብኩ። ያው አንድ ሰው ነው። አምስት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የአንዷን ግንባር በበር መታ፣ ለሌላው ደግሞ በር ላይ በሞቴ ብሎ ለመነ። ባለጌ ነው እንዳልል ወረቀቴን ለቅሞልኛል። ጨዋ ነው እንዳልል ግንባሬ አብጧል። የዛሬው ዝግጅታችን ስለዚህ ሰውዬ ነው። እውነቱን ለመናገር ስለ እኔም ነው፤ በዚያው ቀን ማታ እኔም ለማላውቀው ሰው በር ስለቅ ራሴን ያዝኩት።

አድማጮች፣ ደጅ በአማርኛ ከባድ ቃል ነው። ደጃዝማች የምንለው ማዕረግ «የደጅ አዝማች» ማለት ነው፤ በንጉሡ ድንኳን ደጃፍ ሰፍሮ ጦር የሚያዘምት። እልፍኝ አስከልካይ ማን ወደ ጌታው ይግባ፣ ማን ይቆይ የሚለውን ይቆጣጠር ነበር። በግብር ጊዜ አጋፋሪው እንግዳውን እንደየክብሩ እያስገባ ያስቀምጣል። ሹመት የፈለገ ወይም አቤቱታ ያለው ሰው ደጅ ይጠናል፤ ወር ሊሆን ይችላል፣ ዓመት ሊሆን ይችላል። ዛሬም ለአንድ ማኅተም ቢሮ የተመላለሰ ሰው «ደጅ ስጠና ከረምኩ» ነው የሚለው። እንግዲህ እኛ ዘንድ የበር ጥያቄ ሁልጊዜም «ማን ይቅደም?» የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ የሚሆን ቋንቋም ሥርዓትም አላነሰንም። አሳንሰር እስኪያመልጥ ድረስ የሚበቃ አለን።

ከኋላ ለሚመጣ ለማናውቀው ሰው በር መያዝ ግን ሌላ ጥያቄ ነው። እዚህ ላይ ክብር አይመዘንም፤ የሚመዘነው ክብደት ነው። በሩን ማን ይሸከመው?

ይህን ጥያቄ አያቶቻችን ያልመለሱት ስላልተጠየቁ ነው። የገጠሩን ቤት አስቡት። ቀን ቀን በሩ ክፍት ነው። በር ዘግቶ የሚበላ ሰው ስሙ በአገር ይነሳል። እንግዳ ሲመጣ ከውጭ ሆኖ «ቤቶች!» ይላል፤ ከውስጥ «ማነው? ይግቡ!» ይባላል። የሳንቃውን ወይም የቆርቆሮውን በር ገፋ አድርጋችሁ ከገባችሁ ደግሞ በሩ በገፋችሁበት ቦታ ቆሞ ይጠብቃል። ከኋላችሁ የሚመጣው በዚያው ይገባል። የሚያዝ ነገር የለም።

የከተማው በር ግን ይመለሳል። ቀና ብላችሁ እዩት፤ ጫፉ ላይ የታጠፈ ክንድ ያለው ረዘም ያለ የብረት ሳጥን ተገጥሟል። ሻጮቹ «ዶር ክሎዘር» ይሉታል። ውስጡ ሞላና ዘይት አለ። በሩን ስትገፉ ሞላውን ትጨምቁታላችሁ፤ ስትለቁት ሞላው በሩን መልሶ ይገፋል፤ ዘይቱ ደግሞ በጠባብ ቀዳዳ እየሾለከ ፍጥነቱን ይገታል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን በር ገፍቶ የለቀቀ ሰው፣ አወቀም አላወቀም፣ ሞላው ላይ ያጠራቀመውን ጉልበት ከኋላው ለሚመጣው ያቀብለዋል። አንዳንዱ በር ላይ ዘይቱ ፈስሶ ያለቀ ስለሆነ አቀባበሉ ግንባር ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ አድማጭ «ታዲያ እኛ ለማናውቀው ሰው ግድ የለንም ማለትሽ ነው?» ብሎ ሊቆጣኝ ይችላል። አይደለም። ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ግቡና እዩ። ከመጨረሻው ወንበር አንዱ «ወራጅ አለ!» ይላል። በሩ አጠገብ የተቀመጠችው ሴት፣ ሰውዬውን አይታው አታውቅም፣ ማንም ሳያዛት ቦርሳዋን ይዛ ትወርዳለች፤ አስወርዳው ተመልሳ ትገባለች። ሦስት ፌርማታ ላይ ሦስት ጊዜ ወርዳ ትወጣለች። እንደ ውለታም አይቆጠርላትም። ይህ በር መያዝ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? በነገራችን ላይ ለታክሲ በር ሌላም ሥርዓት አለን፤ ጋቢና ተቀምጦ የወረደ ሁሉ «ቀስ ብለህ ዝጋው!» የምትለዋን ቁጣ ያውቃታል።

ልዩነቱ የት ላይ ነው? እኔ እንደገባኝ ዓይን ላይ ነው። ታክሲ ውስጥ ወራጁ ጉልበቱን ጉልበታችን ላይ አድርጎ ፊታችን ቆሟል። የሕንፃው በር ላይ ግን ባለጉዳዩ ከኋላችን ነው። ለፊታችን የሚሆን ይሉኝታ ሞልቶናል፤ ለጀርባችን አልሠራንለትም። ሰውዬው «አላየሁሽም» ያለኝ ሰበብ አልነበረም፤ እውነቱን ነው፣ አላየኝም።

(አጭር ሙዚቃ ገብቶ ይቀንሳል።)

ስለዚህች ትንሽ ነገር ወንበር ስበው ያጠኑ ሰዎች አሉ። ጆሴፍ ሳንታማሪያና ዴቪድ ሮዘንባም የተባሉ፣ በአሜሪካ ፔንስልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የነበሩ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች፣ በአንድ በር የሚገቡ ሰዎችን ቀርጸው ተመለከቱ። ውጤቱን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2011 አሳተሙት። ሰዎች በር የሚይዙት ከኋላ የሚመጣው ሲቀርባቸው ነው፤ ይህን ያለ ጥናትም እንገምታለን። ከኋላ የሚመጡት ሁለት ሲሆኑ ደግሞ ከአንዱ ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ይይዛሉ። እኔን የገረመኝ ሦስተኛው ነው፤ በር የተያዘለት ሰው እርምጃውን ያፈጥናል። የያዘለት ሰው ክንዱ እንዳይዝል ያስብለታል ማለት ነው። ተመራማሪዎቹ ይህን ሲተረጉሙት፣ ሁለቱ ሰዎች ሳይነጋገሩ የጋራ ድካማቸውን እየቀነሱ ነው አሉ። እያንዳንዱ ለብቻው ቢከፍት ሁለት ጊዜ የሚወጣው ጉልበት አንዴ ወጥቶ ይበቃል።

ይህንን ስሰማ ትዝ ያለኝ ወንፈል ነው። ዛሬ ያንተን ማሳ፣ ነገ የእኔን የምንባባልበት። በር ላይ ግን ብድሩን የሚመልስላችሁ የያዛችሁለት ሰው አይደለም፤ ሌላ ቀን፣ ሌላ ሕንፃ ላይ፣ ሌላ ሰው ነው። በገጠር ወንፈሉን ያጠበቀው መተዋወቅ ነበር። በከተማ ሳይተዋወቁ የሚሠራ ወንፈል ያስፈልጋል።

እንግዲህ ወደ ተግባሩ። ጥናቱ ራሱ አንድ ነገር ነግሮናል፤ ስንይዝለት ሰውዬው ይፈጥናል። ስለዚህ ሩቅ ላለ ሰው በር መያዝ ደግነት ሳይሆን ማስሮጥ ነው። አዛውንት ከሃያ እርምጃ ላይ ሲያዩን ከዘራቸውን አንስተው ሶምሶማ ይጀምራሉ። ይሉኝታቸውን ነው ያስቸገርነው። የእኔ መለኪያ እንዲህ ናት፦ በሩን ስነካ ዞር እላለሁ፤ ሰውዬው ሦስት አራት እርምጃ ላይ ከሆነ እይዛለሁ፤ ከዚያ ከራቀ እለቃለሁ። ሽማግሌ፣ ነፍሰ ጡር፣ ልጅ ያዘለች ወይም እጁ በዕቃ የሞላ ከሆነ ግን መለኪያው ይረዝማል፤ እንዳይቸኩሉም «ቀስ ይበሉ» ማለት ነው።

አያያዙስ? በሩ ወደ ውስጥ የሚገፋ ከሆነ እናንተው ቀድማችሁ ግቡና ከውስጥ ሆናችሁ ያዙት። «እርስዎ ይቅደሙ» ብላችሁ ደፉ ላይ ቆማችሁ ክንዳችሁን ከዘረጋችሁ እንግዳው በብብታችሁ ሥር ሊያልፍ ነው። እኔ አልፌ አውቃለሁ፤ ምስጋናዬን እዚያው ብብት ሥር ነው የተናገርኩት። በሩ ወደ እናንተ የሚሳብ ከሆነ ግን ስባችሁ ወደ ጎን ሁኑና አሳልፉ። እጃችሁን ደግሞ ከማጠፊያው አርቃችሁ፣ እጀታው ባለበት ጠርዝ ላይ አድርጉ። አንድ በር መሐሉ ላይ ሲገፋ ጠርዙ ላይ ከሚገፋው እጥፍ ጉልበት ይፈልጋል። ሕፃናት በር አልከፈት የሚላቸው አንዳንዴ ከጉልበታቸው ማነስ ሳይሆን ከቆሙበት ቦታ የተነሳ ነው።

የተያዘለትም ሰው ድርሻ አለው። «እግዜር ይስጥልኝ» ቢል፣ ባይችል በአንገቱ ሰላም ቢል። የአገራችን ትልልቅ ሰዎች በዚህ ይበልጡናል፤ «ተባረክ»፣ «እደጊ» ይላሉ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ «እደጊ» ስባል ቀኑን ሙሉ ደስ ይለኛል። ደግሞ የተያዘለት ሰው ከኋላው ሌላ ሰው ካለ በሩን መቀበል አለበት። ይህ ሲረሳ ምን እንደሚመጣ ያጎቴ ልጅ ይንገራችሁ።

ያጎቴ ልጅ አሥራ ምናምን ዓመት ዋሽንግተን አካባቢ ኖሮ ለዕረፍት መጣ። እዚያ በር መያዝ የለት ተለት ልማድ ስለሆነ እጁ ለምዷል። መሐል አዲስ አበባ አንድ ሕንፃ ስንገባ ከኋላው ለመጣች ልጅ በሩን ያዘ። አለፈች። ተከትሏት የመጣ አለፈ። የምሳ ሰዓት ነውና ሕዝቡ እንደ ጎርፍ ይገባል። አንድም ሰው በሩን አልተቀበለው፤ እሱም ፊታቸው ላይ መልቀቅ ነውር ሆነበት። እንዲያ ቆሞ ሳለ አንዲት እመቤት መጡና ቦርሳቸውን ከፍተው፣ ውስጡን እያሳዩ አቀረቡለት። ፍታሽ መስሏቸው! እሱም ግራ ገብቶት ቦርሳውን አየና «እሺ እናቴ፣ ይለፉ» አላቸው። ትክክለኛው ጥበቃ ከጎን ሆኖ ሲስቅ ነበር።

የሚስቅበት ምክንያት አለው። በእኛ ሕንፃዎች በር ላይ የሚቆም ሰው ወይ ጥበቃ ነው ወይ ደጅ ጠኚ። ያለ ሥራ በር የያዘ ሰው ምን ስም እንደሚሰጠው ገና አልወሰንም። ለአጎቴ ልጅ ዓይነቱ ችግር መፍትሔው ቀላል ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ሰው ዓይን ዓይኑን አይታችሁ በሩን በእጁ ማቀበል። ዓይን ለዓይን ከተያያችሁ ይቀበላል።

አንድ ሌላ ጥያቄ ላንሳ። ሴት ስለሆነች ብቻ በር ይያዝላት ወይ? በአውሮፓና በአሜሪካ ባህል ይህ ለረጅም ጊዜ የወንድ ግዴታ ነበር። ሎረል ሪቻርድሰን ዋለም የተባለች አሜሪካዊት የሶሲዮሎጂ ምሁር እንደ ፈረንጆች በ1974 ስለዚሁ የበር ሥርዓት ጽፋለች፤ ወንዱ ከፋች፣ ሴቷ ጠባቂ የምትሆንበት ልማድ ማን ቻይ፣ ማን ደካማ ነው የሚለውን ሳይናገሩ እንደሚያስተምር አሳየች። እኔ ሴት ነኝ፣ ፍርዴም አጭር ነው። እጄ ባዶ ሲሆን ወንድ ሮጦ ከኋላዬ ደርሶ በር ቢከፍትልኝ ያሳቅቀኛል። የወረቀት ክምር ስይዝ ግን ወንድም ይሁን ሴት፣ የአሥር ዓመት ልጅም ቢሆን፣ ይያዝልኝ። በዚህ የእኛ የቀድሞ ልማድ ሳይሻል አይቀርም፤ ለዕድሜና ለሸክም እንጂ ለቀሚስ አይነሳም።

አሁን የማልቸኩልበት ቦታ ላይ ደረስኩ። ለአንዳንዱ አድማጫችን በር የጨዋነት ጉዳይ አይደለም፤ ዋናው እንቅፋት ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያ እንዲኖራቸው ደንግጓል። በአሜሪካ የተደራሽነት መለኪያ መሠረት ደግሞ የውስጥ በርን ለመክፈት የሚያስፈልገው ጉልበት ከ22 ኒውተን እምብዛም ማለፍ የለበትም፤ ሁለት ኪሎ ከሩብ ገደማ የሚመዝን ዕቃ እንደማንሳት ነው። ሞላ ያለው በር ሙሉ ለሙሉ ከተከፈተበት ተመልሶ ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው እስኪደርስ ድረስም ቢያንስ 5 ሰከንድ እንዲፈጅ ይጠይቃል። አምስት ሰከንድ ቁጠሩት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ተሽከርካሪ ወንበር ለማለፍ ይህን ያህል ይፈልጋል።

በቅን ልብ የሚሠራ ስህተት እዚህ ላይ ይበዛል። በክራንች የሚሄድ ሰው በሩን ሲገፋ አንዳንዴ ክብደቱን በሩ ላይ ጥሎ ነው። እናንተ ልረዳ ብላችሁ ከወዲያ በኩል ድንገት ብትስቡት ይወድቃል። መጀመሪያ «ልክፈትልዎ?» በሉ። ዓይነ ስውር ለሆነ ሰው ደግሞ በድምፅ ንገሩት፤ «በሩ ተከፍቷል፣ በቀኝዎ በኩል ነው» ይበቃል፤ ክንዱን ይዞ መጎተት አይገባም። ቤታችሁ ወይም ቢሮአችሁ ውስጥ ማየት የተሳነው ሰው ካለ በሩን ወይ ጨርሳችሁ ክፈቱት ወይ ጨርሳችሁ ዝጉት። ገርበብ ያለ በር ጠርዙ ፊት ላይ ነው የሚያርፈው። ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ላለ ሰው በር ስትይዙም ሰውነታችሁ መንገዱን አለመዝጋቱን እዩ፤ ጨዋው ሰው ራሱ በር የሚሆንበት ጊዜ አለ።

የማይያዝም በር አለ። የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ዋና በር በቁልፍ የሚከፈት ከሆነ ለማታውቁት ሰው ከኋላችሁ ክፍት መተው ለጎረቤቶቻችሁ ደግነት አይደለም። «ማንን ፈልገው ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም፤ የድሮው «ማነው?» ያው ነው። እሳትና ጭስ እንዲያግዱ የተሠሩትን የደረጃ በሮችም ድንጋይ አስደግፋችሁ ክፍት አታድርጉ፤ የሚሠሩት ሲዘጉ ነው።

የሚሽከረከረውን በር ብዘልለው ትጠይቁኛላችሁ። እሱን በፊላደልፊያ ይኖር የነበረ ቴዎፊለስ ቫን ካነል የተባለ ሰው እንደ ፈረንጆች በ1888 የባለቤትነት መብት አውጥቶበታል። ነፋስና ብርድ እንዳይገባ ነበር የታሰበው። ይህ በር አይያዝም፤ ሊይዘው የሞከረም ከኋላው ያለውን ሰው መስታወት ውስጥ ያስረዋል። እሱ ላይ ጨዋነት ማለት ቀድሞ ገብቶ መግፋት ነው። ትልልቅ ሆቴሎች በር ላይ «እርስዎ ይቅደሙ» ስትሉ ይህን አስቡ፤ የቀደሙት እንግዳ የእናንተን በር እየገፉላችሁ ነው።

አሳንሰር ላይ ደግሞ እግራችሁን በር ውስጥ አትክተቱ። ጀርባ ለጀርባ የዞሩ ሁለት ቀስቶች ያሉበት ቁልፍ አለ፤ እሱን ተጫኑ። «ግቡ፣ አይ አንተ ቅደም» የሚለውንም ሁለት ዙር ላይ ብናቆመው ባይ ነኝ። ሦስተኛው ዙር ከኋላ ከተሰለፈው ሰው ጊዜ ላይ ነው የሚቆረጠው።

ሰዓታችን ስለደረሰ አንድ ልመና ለሕንፃ አስተዳዳሪዎችና ለጥበቃ ሠራተኞች አለኝ። በራችሁ በኃይል የሚዘጋ ከሆነ ላይ ካለው ሳጥን ጎን ትንሽ ብሎን ታገኛላችሁ፤ የዘይቱን ፍሰት የምትቆጣጠረው እሷ ናት። በካቻቢቴ ሩብ ዙር ብቻ አጥብቋትና በሩን ፈትኑት፤ ዝግ ካላለ ሌላ ሩብ። አላልታችሁ እንዳታወልቋት፣ ዘይቱ ይፈስሳል። ሳጥኑ ከውጭ ዘይት ካረጠበው ግን ማስተካከል አይረዳም፤ በአዲስ ይቀየር። ግንባሬን የመታው በር እስከ ትናንት ድረስ ሁለት ሰከንድ አይሞላውም ነበር፤ ቆሜ ቆጥሬዋለሁ።

(ድምፅ፦ በር ቀስ ብሎ ይዘጋል።)